የመስከረም በርበሬ በጥር ነው የሚሰጣው

የነሐሴ ዝናብ ሳያባራ ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ከጅማ ናቸው። ጥያቄያቸው የተለያየ ይምሰል እንጂ ዞሮ ዞሮ እርጥበት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ለጅማ ቤቶች ሰጥተነዋል። ለደረቅ አገር የሚሠራ የጓዳ ምክር ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናብ ለማይለየው ከተማ እንዳለ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ግንቦት ላይ 5 ኪሎ በርበሬ አዘጋጅቼ በፕላስቲክ ባልዲ ከድኜ አስቀምጬ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ብዬ ሰሞኑን ስከፍተው አናቱ ላይ ነጣ ያለ ነገር ወጥቶበታል፣ ተጓጉሏል፣ ሽታውም ልክ አይደለም። ላዩን ገፍፌ የቀረውን ፀሐይ ባስመታውና በወንፊት ብነፋው ይድናል? (ከቆጪ)

መልስ፦ አይድንም፤ ይጣሉት። እንደምናውቀው 5 ኪሎ በርበሬ ዛሬ የዋዛ ገንዘብ አይደለም፤ ግን የሚታየው ነጭ ነገር የሻጋታው አናት ብቻ ነው። ሥሩ በዱቄቱ ውስጥ ከየት እስከ የት እንደሄደ በዓይን አይለይም። በርበሬ ላይ ከሚበቅሉት ሻጋታዎች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። መርዙን ፀሐይ አያጠፋውም፣ ወንፊት አይለየውም፣ ወጥ ውስጥ አንድ ሰዓት ቢቁላላም አይለቅም። ለዶሮም ለከብትም አይስጡት፤ በእንቁላልና በወተት ተመልሶ እርስዎ ዘንድ ይመጣል።

ጥፋቱ ከወሩ ይጀምራል። ጅማ ላይ ግንቦት ማለት ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ ነው። ዛላው ጠዋት ይደርቃል፣ ማታ ከአየሩ እርጥበት መልሶ ይጠጣል። ስጥዎ አራት ቀን ቢቆይም አራት ቀን ደረቀ ማለት አይደለም። እዚህ አገር ለበርበሬ የሚታመነው ፀሐይ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ነው። የመስከረምን በርበሬ በጥር ያዘጋጁ፤ ስምንት ወር በደህና ይቀመጣል።

ሁለተኛው ጥፋት ድልዙ ላይ ነው። ለ5 ኪሎ ዛላ ግማሽ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ሩብ ኪሎ ዝንጅብል፣ ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ብርጭቆ ደረቅ በሶብላና አንድ እፍኝ ጤና አዳም በቂ ነው። ብዙ ሰው ዛላውን ቀንጥሶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሸክሽኮ ከእነዚህ ጋር ከደለዘው በኋላ አንድ ቀን ብቻ አስጥቶ ወፍጮ ቤት ይወስደዋል። ሽንኩርቱ ግን ውሃ ነው። ከተደለዘ በኋላ ያለው ሁለተኛው ስጥ ከመጀመሪያው ይረዝማል እንጂ አያጥርም፤ ቢያንስ ሦስት ሙሉ የፀሐይ ቀን ይፈልጋል። መድረቁን በጣት ይፈትሹ። ዛላው ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረና ሲነቀነቅ ፍሬው ከተንኳኳ ደርቋል፤ እንደ ቆዳ ከታጠፈ ገና ነው። ድልዙ ደግሞ በመዳፍ ሲጨበጥ ተጣብቆ ከቀረ ገና ነው፤ ሲለቁት መበተን አለበት።

ከዚያ ቅመሙ ይገባል። ኮረሪማ 150 ግራም፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ መቶ መቶ ግራም፣ ድንብላል መቶ፣ አብሽ ሃምሳ፣ ጥምዝና ቅርንፉድ ለሽታ ያህል። ሁሉም ለየብቻ በምጣድ ለብ ለብ ይደረግ፤ አብረው ከታመሱ አዝሙዱ ሲያርር ኮረሪማው ጥሬ ይቀራል። ኮረሪማን በተመለከተ የጅማ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ከነቅርፊቱ ገዝቶ እዚያው ቤት መፈልፈል ይቻላል፤ የተፈለፈለውን ከመግዛት እጅግ ይሻላል። ጨውም መታመስ አለበት። ጨው ከአየር ውሃ ይስባል፤ ያልታመሰ ጨው በደረቅ በርበሬ ውስጥ ሲገባ ውሃ ይዞ ነው የሚገባው።

የመጨረሻውን ጥፋት ማንም አያስተውለውም። በርበሬ ከወፍጮ ሲወጣ ትኩስ ነው። ትኩሱን ባልዲ ውስጥ ከተው ሲከድኑት ላቡ ክዳኑ ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ጤዛው ይንጠባጠባል፣ ሻጋታውም ከአናቱ ይጀምራል። የእርስዎም አናቱ ላይ የታየው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ንጹሕ አንሶላ ላይ በስሱ ዘርግተው፣ ዝናብና ጭስ በሌለበት ክፍል፣ እስኪበርድ ሁለት ሦስት ሰዓት ይተዉት። ከዚያ አንድ ኪሎ ለዕለት መጠቀሚያ ለይተው የቀረውን በየሁለት ኪሎው አጥብቀው ያሽጉ። ዕቃው ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥ፤ ጣውላ ይነጠፍለት። ከወጥ ድስት የወጣ ማንኪያም አይግባበት።

ለዘንድሮው በዓል አንድ ኪሎ ብቻ ያዘጋጁ። ዛላውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ በለሰለሰ እሳት ምጣድ ላይ እያገላበጡ ያድርቁት። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን አሁን አይጨምሩ፤ ወጡ ላይ ያክሉት።

ጥያቄ፦ ሊጤ ክረምት ሲገባ አይነሳልኝም። ሦስት ቀን አቡክቼ ብጋግር እንጀራው ዓይን የለውም፣ ከሥሩ ይደርቃል። የወጣውም በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። የምጠቀመው ግማሽ ጤፍ ግማሽ በቆሎ ነው። (ከቦሳ ቂጦ)

መልስ፦ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሲበርደው ይተኛል። በበጋ ሁለት ቀን የሚበቃው ሊጥ በሐምሌና በነሐሴ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ በቀን አይቁጠሩ፤ ሊጡን ይዩት። የበሰለ ሊጥ ወደ ታች ይረጋል፣ አናቱ ላይ ቢጫ ውሃ ይቆማል፣ ሽታውም ኮምጠጥ ያለ ግን ንጹሕ ነው። ውሃው ሳይቆም አብሲት ከጣሉ ዓይን አይጠብቁ።

ለ3 ኪሎ ዱቄት በክረምት ግማሽ ሊትር እርሾ ይጨምሩ፤ በበጋ የዚህ ግማሽ ይበቃል። የሚያቦኩበት ውሃ ለብ ያለ ይሁን፤ እጅ ሲገባበት መሞቁ እንዳይታወቅ፣ መብረዱም እንዳይታወቅ። ቡሃቃውን ከሲሚንቶ አንስተው ምድጃው ካለበት ክፍል ያስቀምጡና በጋቢ ይጠቅልሉት። የማቡካቱ ሥራም አይቸኮልበት፤ በቆሎ ሲኖርበት ዱቄቱ ውሃውን እስኪጠጣ ሩብ ሰዓት ያህል መታሸት አለበት።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አብሲት ላይ ነው። በመጀመሪያ አናቱ ላይ የቆመውን ውሃ ይድፉት። ከሊጡ ሦስት ጭልፋ ወስደው በአንድ ሊትር ውሃ ያቅጥኑ፤ እሳት ላይ ያለማቋረጥ እያማሰሉ እንደ አጥሚት እስኪወፍር ያብስሉት። በቆሎ ስላለበት የእርስዎ አራት ጭልፋ ይሁን፤ በቆሎ ራሱን ችሎ አይያያዝም፣ የሚያያይዘው አብሲቱ ነው። አሁን ይጠብቁ። ትኩስ አብሲት ሊጥ ላይ የሚደፋ ሰው ሦስት ቀን ያሳደገውን እርሾ በአንድ ደቂቃ ይቀቅለዋል። ጣት አስገብተው ያለ ችግር እስከ አስር መቁጠር ከቻሉ ይጨምሩት። ከዚያ ክረምት ላይ ሁለት ሰዓት ገደማ ይቆይ፤ ኩፍ ሲልና አረፋው መፈንዳት ሲጀምር ምጣዱ ዝግጁ ይሁን። ኩፍ ብሎ ተመልሶ ከወረደ አልፎበታል።

እንጀራው ከሥሩ መድረቁና ዓይን ማጣቱ አንድ ላይ ከመጡ ምጣዱንም ይጠርጥሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የመብራቱ ኃይል ሲወርድ ሙቀቱን አይመልስም፤ ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ቀስ እያለ ይደርቃል። መጀመሪያ በጎመን ዘር ያሹት። ከዚያ ቆንጥረው ዱቄት ይበትኑበት፤ ወዲያው ከጠቆረ በጣም ግሏል፣ ነጭ ሆኖ ከቆየ ገና ነው፣ ቀስ ብሎ ቡናማ ከሆነ ያስፉ። ክዳኑ የሚደፋው ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ነው።

ሻጋታውን በተመለከተ፣ ትኩስ በትኩስ ላይ አይደርቡ። እያንዳንዱ እንጀራ ሰፌድ ላይ ላቡ ወጥቶ ሲበርድ ይደረብ። ፌስታል ውስጥ የሚያስቀምጡ ከሆነ ይተዉት። በክረምት ለሳምንት ከመጋገር በሳምንት ሁለቴ ትንሽ ትንሽ መጋገር ያዋጣል፤ የተረፈውንም ሳይሻግት ቆራርሰው፣ ጋግረው ሲጨርሱ በሚቀረው የምጣድ ሙቀት ድርቆሽ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ የ2019 እንቁጣጣሽ ዓርብ ነው። ዶሮውን እንዴት እናድርገው? ደግሞ ባለፈው ዓመት ወጡ ቀጥኖ ሽንኩርቱ ከላይ ተንሳፍፎ ቀረ። (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ዓርብና ረቡዕ ሲሆኑ ጾሙ የሚቀረው ለገናና ለጥምቀት፣ እንዲሁም ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ነው። እንቁጣጣሽ ዓርብ ከዋለ ይጾማል፤ ዶሮው ወደ ቅዳሜ ይሄዳል። ይህ ለወጡ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም። ቁሌቱን ዓርብ በዘይት ይሥሩት፤ ሲያድር ሽንኩርቱና በርበሬው ይዋሃዳሉ። ዶሮው ቅዳሜ ማለዳ ይታረድ፤ ቅቤውም ያን ዕለት ይግባ።

ወጡ የቀጠነው ሽንኩርቱ ውሃውን ሳይጨርስ በርበሬ ስለገባበት ነው። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት በቢላ ይክተፉ። በማሽን የተፈጨ ሽንኩርት ውሃውን በሙሉ ይለቃል፣ አንዳንዴም ይመራል። ድስቱ ላይ ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት፣ ውሃው ወጥቶ፣ ተኖ፣ ቀለሙ እስኪለወጥ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ጭልፋውን በድስቱ መሃል ሲስቡት የተከፈተው መንገድ ውሃ ሳይሞላው ከቆየ ዘይቱን ይጨምሩ፤ ከዘይቱ በኋላ በርበሬውን 250 ግራም ያህል። በርበሬው ሌላ 40 ደቂቃ ይፈልጋል፤ እንዳይያዝ በማንኪያ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ ያድርጉበት። በጨውና በሎሚ የታጠበው ዶሮ በወንፊት ላይ ተንጠፍጥፎ ይግባ፤ ከመታጠቢያው እየተንጠባጠበ የሚገባ ዶሮ ሌላ ግማሽ ሊትር ውሃ ይዞ ይመጣል። ዓርብ የተሠራውን ቁሌት ትኩሱን ፍሪጅ አያስገቡ፤ ይብረድ፣ ግን ውጭ አይደር።

ጥያቄ፦ የልጆች ዩኒፎርም ለትምህርት መክፈቻ አልደርቅ ብሎን ከሰል አንድደን ማታ ማታ ክፍል ውስጥ እንሰቅላለን። ሽታ ይቀርበታል። (ከአጂፕ)

መልስ፦ ሽታውን ለጊዜው ይተዉት፤ ከሰሉን ዛሬውኑ ያውጡ። ጢስ የሌለው የከሰል ፍም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይለቃል፤ የተኛ ሰው ራሱን ሳያውቅ ይሞታል። ልብሱን ማታ ሳይሆን ከንጋት ጀምሮ ይጠቡ። ሁለቴ አጥብቀው ይጭመቁ፣ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለው ይርገጡት፣ ከዚያ ነፋስ በሚያልፍበት በረንዳ ላይ እጅጌና እግሩን ለያይተው ይስቀሉ። እርጥበቱ ትንሽ ሲቀረው በካውያ ይጨርሱት። ሽታ ይዞ የቀረውን በመጨረሻው ውሃ አንድ ብርጭቆ ነጭ ኮምጣጤ ጨምረው ያለቅልቁት።

ጥያቄ፦ ከጎረቤቶቻችን የሚበዙት ሙስሊሞች ናቸው። ለመስቀል ስንጠራቸው ይመጣሉ፤ ግን ሁልጊዜ ሻይና ዳቦ ብቻ ቀምሰው ይሄዳሉ። ለዒድ እነሱ ለእኛ ብዙ ያደርጋሉ። ሳናሳፍራቸው ምን እናቅርብ? (ከሄርማታ)

መልስ፦ ነገሩ ሥጋው ላይ ብቻ አያበቃም፤ እንግዳው ስለ ድስቱም፣ ስለ ጭልፋውም፣ ስለ እርሾውም ያስባል፤ ይሉኝታ ይዞት አይጠይቅም እንጂ። ስለዚህ ሳይጠየቁ ቀድመው ይንገሩ።

ሥጋ ማብላት ከፈለጉ በጅማ የቆየው መንገድ ቀላል ነው። በጉን ወይም ዶሮውን ከነሕይወቱ ለጎረቤትዎ ይስጡ፤ እነሱ አርደው፣ በእነሱ ድስት፣ በእነሱ ቤት ይሠሩታል፤ ድግሱ ግን የእርስዎ ነው። የሚሠራውም የሚያቀርበውም ከእነሱ ወገን ይሁን። ይህ ከበዛ ከሥጋ ነክ ነገር የራቀ ገበታ ይዘርጉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ዓሣም ይሆናል፤ በአዲስ ወይም ከጎረቤት በተዋሱት ድስት። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ የቅቤ ዕቃዎ ውስጥ የሚገባው ማንኪያ ዶሮ ወጥ ሲያማስል የዋለው ከሆነ ቅቤውም ከሥጋው ጋር ተነካክቷል። ለእነሱ የሚሆነውን ቅቤ ከማንጠሩ በፊት ለይተው በሌላ ዕቃ ያንጥሩ።

ድፎ ዳቦው በጠላ አንቡላ ከተቦካ አያቀርቡትም፤ በሱቅ እርሾ ያቡኩት። ኮባ ቅጠሉን ከመጠቅለልዎ በፊት እሳት ላይ ለብ አድርገው ያለስልሱት፤ ጥሬው ሲታጠፍ ይቀደዳል፣ ሊጡም በስንጥቁ ይፈሳል።

መጠጡ ላይ ጠላው ከዓይናቸው ራቅ ይበል፤ በቦታው ከሪቦ ያዘጋጁ። አንድ ኪሎ ገብስ ጥቁር ቡናማ እስኪሆን ይቁሉ፤ ከሰል ከሆነ ይመራል። ሸክሽከው በ10 ሊትር ውሃ ግማሽ ሰዓት ያፍሉ፣ ያጥልሉ፣ ያቀዝቅዙ። አንድ ኪሎ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ጨምረው ማታ ከድነው ያሳድሩ፤ ጠዋት ይቅረብ። ሁለተኛ ሌሊት ካደረ አልኮሉ ይበረታልና ለነገ አይቀመጥም። እርሾ ጭራሽ የማይፈልግ እንግዳ ካለ ብርዝ ይሻላል፦ አንድ ኪሎ ማር በአምስት ሊትር ፈልቶ በበረደ ውሃ፣ በተበረዘበት ቀን የሚጠጣ። ጠጅ የተጣለበት እንስራ ግን አይሆንም፤ ታጥቦም ቢሆን ግድግዳው ላይ የቀረው ያፈላዋል።

በተገላቢጦሽም ያው ነው። የሂጅራው ዘመን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ ዒድ አንዳንዴ ጾም ውስጥ፣ አንዳንዴ ረቡዕ ላይ ይውላል። ቀኑን ቀድመው ለጎረቤትዎ ቢነግሩ እነሱም ለእርስዎ የጾሙን ለይተው ያበስላሉ።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ 20 የሚሆን የቡና እግር አለ። ዓምና ለቅመን መሬት ላይ አሰጣነው፤ ገና ላይ ስናፈላው አፈር አፈር አለ። ዘንድሮ ከመድረሱ በፊት ምን እናሰናዳ? (ከጅሬን)

መልስ፦ ጅሬን ላይ ቡና አፈር ሲል ማሳዘኑ ነው። ቡና አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። እርጥብ ፍሬ አፈር ላይ ከተሰጣ አፈሩን፣ በርበሬ አጠገብ ከተቀመጠ በርበሬውን ይይዛል።

ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ አልጋ ይሥሩለት። አራት እንጨት ተክለው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ቆጥ፣ ከላዩ ሽቦ ወንፊት። አየር ከታችም ከላይም ማለፍ አለበት። የሚለቀመው ሙሉ በሙሉ የቀላው ብቻ ነው፤ ዛፉን በአንድ ጊዜ መግፈፍ ይቀላል፣ ግን አረንጓዴው ፍሬ ሲፈላ ሳር ሳር ይላል። በሦስት በአራት ዙር ይልቀሙ። የረገፈውን ለየብቻ ያድርጉት፤ ከተለቀመው ጋር አይደባልቁ። የተለቀመውን ባልዲ ውሃ ውስጥ ይጨምሩት፤ የሚንሳፈፈው ፍሬው ያልሞላ ወይም ነቀዝ የበላው ነውና ይለዩት።

አልጋው ላይ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በየሰዓቱ ያገላብጡ፤ ተጠጋግቶ ከተኛ ይሻግታል ወይም ይቦካል፣ ያ ኮምጣጣ ሽታ ደግሞ አይለቅም። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ይሸፈን፤ ቅርፊቱ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ እንዳይቀር። ማታና ዝናብ ሲመጣ በሸራ ይሸፈን፤ ግን ሸራው ቡናውን አይንካው፣ ከላይ እንደ ድንኳን ይወጠር። በጥሩ ፀሐይ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት፣ በጥቅምት ካፊያ ደግሞ እስከ አራት ይወስዳል። ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የደረቀው ፍሬ፣ በእጅ ሲነቀነቅ ውስጡ ከተንኳኳ ቀርቧል። ጥቂቱን ፈልፍለው በጥርስ ይንከሱት፤ ጥርስ ከገባበት ገና ነው፣ ጠንክሮ ከተሰበረ ደርቋል። ነጋዴዎች በመሣሪያ የሚፈልጉት 11 ወይም 12 በመቶ እርጥበት ነው።

የቤት ቡና እስኪፈለግ ድረስ ከነጀንፈሉ ይቆይ፤ ቅርፊቱ ይጠብቀዋል። በቃጫ ጆንያ፣ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። ስድስት ኪሎ ቀይ ፍሬ አንድ ኪሎ ገደማ ንጹሕ ቡና ስለሚሰጥ፣ ከ20 እግር ያገኙት ትንሽ ቢመስልዎ ሌባ አይጠርጥሩ። ለገና የሚሆነውን በሙቀጫ መውቀጥ የሚጀምሩት ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን ቀድመው ነው፤ ቀድሞ የተፈለፈለ ቡና ጅማ አየር ላይ በሳምንቱ መለስለስ ይጀምራል።